ዝም ያለው ናሙና

የታናሽ እህትሽ ሥራ ምንድነው ተብላ ስትጠየቅ፣ ልብስ ሰፊዋ «ሥጋ ቀለም ትነክራለች» ብላ ትመልሳለች። ጠያቂው ክው ይላል። አንዳንዱም «አይዞሽ፣ እግዜር የተሻለ ይሰጣታል» ብሎ ያጽናናታል። ልብስ ሰፊዋ ጨዋታ ስለምትወድ አታርመውም፤ ሰውየው አጽናንቶ እስኪጨርስ ትጠብቅና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለ «ነካሪዋ» የሚለው ስም ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፣ ከሰፈርም ተነስቶ ሆስፒታል ገባ። ዛሬ የላቦራቶሪው ዘበኛ ሳይቀር የሚጠራት በዚሁ ነው።

ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ነካሪዋ የምትሠራው እሱኑ ነው። ከታማሚ የተወሰደች ቁራጭ ሥጋ እንዳትበሰብስ በፎርማሊን ተነክራ ትመጣላታለች። እሷም ሰም ውስጥ ትቀብራታለች፤ ሰሙ ሲረጋ በማሽን እጅግ ስስ አድርጋ ትልጥና መስታወት ላይ ታሳርፋለች። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቀለም እንደ ልብስ ቀለም ያገኘውን ሁሉ አይነክርም። አንድ የታወቀ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ካገኘው እዚያው ተጣብቆ ቡናማ ይሆናል፣ ካላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው። አንዱ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ ሌላው ይሮጣል፤ አንዱ በኪኒን ይገራል፣ ሌላው ኪኒኑን ከቁብ አይቆጥረውም። ጠባዩን የሚያሳብቁበት እነዚያ ፕሮቲኖች ናቸው።

ነካሪዋ ይህን ለማያውቅ ሰው ስታስረዳ ድስት ታነሳለች። «መድኃኒት ማለት እጅ ነው» ትላለች። «ድስቱ ጆሮ ካለው ይዞ ያወርደዋል። ጆሮ ከሌለው ግን እጅ ምን ያደርጋል? ይቃጠላል እንጂ! እኛ የምናየው ጆሮ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው።» ሰሚው ገባኝ ብሎ ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ ነካሪዋ ድስት ትጠግናለች ብሎ ያወራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የማይታለፍ አንድ ወግ አለ። ከእያንዳንዱ ታማሚ ናሙና ጎን፣ እዚያው መስታወት ላይ፣ ፕሮቲኑ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ የሌላ ሰው ሥጋ ይለጠፋል። ምስክር ይሉታል። ምስክሩ ቡናማ ከሆነ ቀለሙ ሠርቷል ማለት ነው፤ ምስክሩ ባዶ ከሆነ የዕለቱን ድካም ውኃ በላው። ነካሪዋ ይህን ወግ ይዛ ቤቷ ገባች። ጎረቤት ወሬ ሲያመጣላት «ምስክርሽ ማነው?» ትላለች። የልጇን ትኩሳት ከመለካቷ በፊት ቴርሞሜትሩን በራሷ ብብት ትሞክረዋለች። አውቶቡስ ነጂው ባሏ «እወድሻለሁ ስላት እንኳ ማን ሰማህ ትለኛለች» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። በልቧ ግን ሳታረጋግጥ የማትፈርድ ሰው መሆኗን ታውቃለች፣ ትኮራበታለችም። ኩራት ደግሞ ዓይን ይጋርዳል።

ልብስ ሰፊዋን እህቷን «እትዬ» ነው የምትላት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እትዬ ገና ኮረዳ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነካሪዋንና የመጨረሻውን ወንድማቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቃች፤ የራሷ ወግ ማዕረግ ግን በዚያው ቀረ። ወንድማቸው ዛሬ ፂሙ ሸብቷል፤ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፣ የራሱ ሱቅ አለው። ለሁለቱ እህቶቹ ግን አሁንም «ትንሹ» ነው። ትንሹ ነገር አያበዛም። እትዬ ትናገራለች፣ እሱ ያደርጋል፤ ሕጉ ይኸው ነው።

እትዬ ጡቷ ውስጥ ያገኘችውን እብጠት ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተነፈሰችም። በመጨረሻ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ለእህቷ ያወጣችው፣ ስለ ቁልፍ ዋጋ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ ነው። ነካሪዋ እየጎተተች ወደ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ወሰደቻት። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከማውጣቱ በፊት ጠባዩን ማወቅ ስላለበት፣ ለናሙና ትንሽ ቁራጭ እንደሚወስድ ነገራት። እትዬ አሰበችና ተስማማች፣ ግን በቅድመ ሁኔታ።

«አንዴ ብቻ» አለች። «ሁለቴ የተቀደደ ጨርቅ ልኩ አይገኝም። አንዴ ቁረጡኝ፤ ሁለተኛ ያላችሁ ዕለት ግን አታገኙኝም።»

የመቆረጫዋ ቀን ሲደርስ ነካሪዋ አልነበረችም። ስለ አዲስ ማሽን ሥልጠና ተብሎ ሌላ ከተማ ተልካ ነበር። በክሊኒኩ ልማድ ናሙናውን ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው፤ እትዬን ያስታመመው ደግሞ ትንሹ ነበር። ብልቃጡን ተቀበለ። ነካሪዋ ከሥልጠና በተመለሰች ማግስት ማለዳ፣ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልሎ በሯ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ከፍሪጅ ነው ያወጣሁት» አላት። «ማንም አልነካውም።»

ብልቃጡ ቀዝቃዛ ነበር። ነካሪዋ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ እንባዋም መጣ። በሥራ ቦታዋ፣ በመቀበያው መስኮት ላይ፣ ለማንም የማትምራቸው ጥያቄዎች አሏት፦ መቼ ወጣ? ፎርማሊን ውስጥ የገባው መቼ ነው? ፎርማሊኑ በቂ ነው ወይ? ስንቱን ባለሥልጣን ዘመድ ያለውን ሰው በዚህ ጥያቄ አፋጥጣ መልሳለች! የእትዬን ብልቃጥ ስትቀበል ግን አንዱንም አልጠየቀችም። የራስ ሰው ነዋ። የራስ ሰው ይጠየቃል እንዴ?

ላቦራቶሪ ስትደርስ የሥራ ባልደረባዋ «ዛሬስ እኔ ልሥራልሽ፣ የራስሽ ሰው ናት» ብሏት ነበር። እምቢ አለች። የእትዬን ሥጋ ራሷ በሰም ቀበረች፣ ራሷ ላጠች፣ ራሷ ነከረች። ሦስት መስታወት አዘጋጀች፤ ሁለቱ በሆርሞን የሚገራውን ካንሰር የሚለዩ፣ ሦስተኛው ሌላ መድኃኒት የሚይዘውን ፕሮቲን የሚያሳይ ነው። የየመስታወቱ ምስክር እንደ ወጉ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጎኑ ያለው የእትዬ ሥጋ ግን ባዶ ነበር። ሦስቱም ባዶ። ድስቱ ጆሮ የለውም።

ነካሪዋ የዚህን ትርጉም ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ኪኒን የለም፤ ያለው ጠንካራው ኬሞ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ዓይነት ደግሞ ከሚሮጡት ወገን ነው። ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ መስታወቶቹን ይዛ፣ ውጤት ወደምትፈርመው ዶክተር ሄደች።

ዶክተሯ ቀስ ያለች ሴት ናት። ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሰች ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ገብታበት፣ ዝንቧም ተስፋ ቆርጣ ትወጣለች ይባላል። ያን ቀንም መስታወቶቹን እያፈራረቀች ብዙ ቆየች።

«እህትሽ ናት አይደል?» አለች ቀና ሳትል።

«አሳዳጊዬ ናት» አለች ነካሪዋ። «ሦስቱም ባዶ ነው ዶክተር። በቃ ይጻፉልኝና ኬሞውን ቶሎ ትጀምር።»

«ባዶ ነው ብዬ አልጽፍም።»

«ምስክሩ ይዟል እኮ! ቀለሜ አልተሳሳተም።»

«ቀለምሽን ማን ከሰሰው? ነይ እስቲ፣ እዚህ እዪ።» ዶክተሯ ወንበሯን ለቀቀችላት። «መሀል ላይ ያለው ምንድነው?»

ነካሪዋ ዓይኗን አስጠጋች። «ጤነኛ የወተት ቱቦ።»

«ጤነኛ የወተት ቱቦ የሆርሞኑ ፕሮቲን አለው የለውም?»

«አለው። ሁሉም ሴል ባይሆን አንዳንዱ…» ቡናማ ነጥብ ፈለገች። መስታወቱን ወደ ግራ ገፋች፣ ወደ ቀኝ ገፋች። ሌላ ቱቦ አገኘች፤ እሱም ባዶ ነው። ያንን መስታወት ጠዋት ደጋግማ አይታዋለች፤ ዓይኗ ግን ዕጢው ላይ ተተክሎ ጤነኛውን ቦታ አንዴም አላየም።

«ምስክርሽ ስለ ቀለሙ ነው የመሰከረው» አለች ዶክተሯ። «ስለ ሥጋው ማን ይመስክር? ይሄ ሥጋ እዚህ ከመድረሱ በፊት ተበላሽቷል፤ ጠርዙን እዪው፣ ሟሙቷል። ስለዚህ ፕሮቲኑ የለም እያለን አይደለም። ዝም ነው ያለው።» ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና ጠየቀች፦ «መቼ ነበር የወጣው?»

«አልጠየቅኩም» አለች ነካሪዋ።

ከዶክተሯ ክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «የለም» እና «ዝም» በመስታወት ላይ ሲታዩ አንድ መሆናቸውን ያን ቀን በእትዬ ሥጋ ላይ አየች፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። «የለም» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እትዬ ፀጉሯን አራግፋ፣ ደሟን አሳጥታ ኬሞውን ብቻ ትጨርስ ነበር፤ ምናልባት ለዓመታት ይዞ ሊያቆያት የሚችለውን ኪኒን ማንም አያዝላትም ነበር። በሽታው ሲመለስም ሰዉ «ዕጣ ፈንታዋ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ይህን ስታስብ ፈራች። አሁን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ እንደገና መቆረጥ አለባት። እትዬ ደግሞ ሁለተኛ አታገኙኝም ብላለች። ፍርሃቷ ወደ ንዴት ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም፣ ንዴቱም የሚያርፍበትን ሰው ወዲያው አገኘ።

ትንሹ ሱቁ ውስጥ የተፈታ ፍሪጅ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው።

«ያንን ብልቃጥ ስንት ቀን ነው ያስቀመጥከው?»

ትንሹ ፒንሳውን ይዞ ቀና አለ። «አንቺ እስክትመጪ።»

«እስክመጣ! እዚያ የቀረሁ ብሆንስ? ሥጋ እኮ ነው፣ የፍሪጅ ዕቃ መሰለህ? ፎርማሊኑ ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም፣ በቅዝቃዜ ደግሞ ወደ ውስጥ አይገባለትም። በስብሷል! መቀበያው መስኮት ካንተ ሱቅ ስንት እርምጃ ነው? እግርህ ተሰብሮ ነበር?»

ትንሹ አላየኝም ብሎ እንደሚደበቅ ልጅ ዓይኑን ወደ ፍሪጁ መለሰ። አንገቱ ቀላ። ከንፈሩ አንዴ ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ገጠመ። ነካሪዋ ያንን ዝምታ አየችው፤ ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ይናገር ነበር ብላ አሰበች።

«እትዬን ገደልካት» አለችው። ወጥታም ሄደች።

እትዬ ዘንድ ስትደርስ የስፌት መኪናው እየዘመረ ነበር። በክሱ ከመጀመር ይልቅ ዙሪያውን ዞረች፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቱቦው፣ ሥጋው ዝም ስለ ማለቱ አስረዳች። እትዬ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ አዳመጠች።

«ስለዚህ?» አለች።

«ስለዚህ እንደገና ትንሽ መውሰድ አለባቸው።»

«አንዴ ብያለሁ። ያንን የሚያስመልሰውን ኬሞ ስጡኝና በሱ ልሞክር። ሁለተኛ አልተኛላቸውም።»

«እትዬ በሞቴ! ሳናውቅ እንዴት…»

«ብታውቁስ? ብታዪው ዕድሜዬን ትነግሪኛለሽ?»

ነካሪዋ ሊያመልጣት የነበረውን ማባበያ ዋጠችው። እትዬን ዋሽቶ ማሳመን ለማንም ሆኖለት አያውቅም። «ዕድሜሽን አልነግርሽም» አለች። «መስታወቱ ስላንቺ ብቻ አያወራም። እንዲህ ያለ ፕሮቲን ያላቸው ብዙ ሴቶች ምን ሆኑ የሚለውን ነው የምናውቀው። አብዛኞቹ ደህና ቢሆኑ እንኳ አንቺ ከየትኛዎቹ እንደሆንሽ አላውቅም። ግን የትኛው መድኃኒት ሊይዘው እንደሚችል ይነግረኛል። እሱን ሳላውቅ መርዝ ሲሰጡሽ ቆሜ አላይም።»

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ነካሪዋ የቀራት መከራከሪያ ባጣች ጊዜ ምላሷ ወደ ወንድሟ ዞረ።

«ይሄ ሁሉ የትንሹ ሥራ ነው! ዕለቱኑ ማድረስ ሲችል ፍሪጅ ውስጥ ቆልፎ አስቀመጠው። ሄጄ ስጮህበት እንኳ አንድ ቃል አልወጣውም።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምን አለሽ?» አለች እትዬ።

«ምንም። ዝም አለ።»

«እኔን አላነሳም?»

«አንቺን ምን ብሎ?»

እትዬ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ጠርጋም አልጨረሰችም፣ እንደገና ጠረገችው። «ከክሊኒኩ እንደወጣን ሊያደርሰው ነበር» አለች። «የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ እጁን ይዤ ነው የመለስኩት። ላቦራቶሪ ውስጥ የተማረች እህት እያለችኝ ሥጋዬን ለባዕድ አልሰጥም አልኩት። ሐኪሙ ዛሬውኑ ብሏል እትዬ፣ ይበላሻል እትዬ እያለ ለመነኝ። የሚበላሽ ከሆነ ፍሪጅ ጠጋኝ አይደለህ፣ አቀዝቅዘው አልኩት። ማንም እንዳይነካው፣ ያንቺ እጅ ብቻ ብዬ አስማልኩት።»

ነካሪዋ የሱቁ ወለል ላይ የተንበረከከውን ወንድሟን፣ ተንቀሳቅሶ የገጠመውን ከንፈሩን አሰበች። ታላቅ እህቱን አሳልፎ ከሚሰጥ ገዳይ መባልን መርጧል። ሥጋው ዝም ቢል ፕሮቲኑ አለ ማለት ሊሆን ይችላል ብላ በኮሪደሩ ላይ የፈራችው ሴት፣ የወንድሟን ዝምታ በዚያው ቀን፣ ሰዓት ሳይሞላት፣ በጥፋተኝነት ተርጉማዋለች። አፈረች። ከዚያ በፊት እንዲያ አፍራ አታውቅም።

«እጅሽን አምኜ ነው» አለች እትዬ፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰለ። «ካንቺ እጅ ክፉ ነገር አይወጣም ብዬ ነው።» ቀጥላም የጀመረችውን ዩኒፎርም አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ለሐኪሙ ደውይለት። ነገ እመጣለሁ። ላንቺ ግን እንዳይሰጡት።»

ሁለተኛው ናሙና በወጣበት ጠዋት ፎርማሊን ጢም ብሎ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ ተነክሮ፣ በትንሹ እጅ ሆስፒታል ደረሰ። ነካሪዋ ከመስኮቱ መስታወት ወዲያ ሆና አየችው፤ እንደ ማንም ሰው ተሰልፎ፣ ብልቃጡን በደረቱ አቅፎ፣ ተራውን ይጠብቃል። ተነስታ ልትቀበለው ፈለገች፣ ግን ተቀመጠች። ባልደረባዋ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀው፤ እሱም ሁሉንም መለሰ። ልጣጩንም ቀለሙንም ባልደረባዋ ሠራው። እሷ በነዚያ ቀናት የሌሎች ሰዎችን እህቶች ስትነክር ሰነበተች፤ ከየመስታወቱ ላይ ጤነኛውን ቦታ መጀመሪያ ማየት ለመደች።

ውጤቱ ሲወጣ ዶክተሯ ጠርታ ወንበሯን ለቀቀችላት። ነካሪዋ ዓይኗን አስጠጋች። ጤነኛው ቱቦ እዚህም እዚያም ቡናማ ነጥብ ነበረው። ዕጢው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበር። ካንሰር አይታ ያን ያህል ተደስታ አታውቅም፤ ደስታዋ ራሷንም አስደነገጣት።

ወደ እትዬ ከመሄዷ በፊት መንገዷን ወደ ፍሪጅ ሱቁ አደረገች። ትንሹ በሩ ላይ ሲያያት ፒንሳውን አስቀመጠ።

«ይዟል» አለችው። «የሆርሞኑ ፕሮቲን አለ። ኪኒኑ ይሠራላታል የሚል ተስፋ አለ። የካንሰሩን ሩጫ የሚለካው ቁጥርም ዝቅ ያለ ነው።»

ትንሹ ባገኘው ነገር ላይ፣ የተፈታ ሞተር ላይ ተቀመጠ። ቅባት በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

«ትድናለች ማለት ነው?» አለ ከእጁ ውስጥ።

«እሱን መስታወቱ አያውቀውም። እንደሷ ካሉት ብዙዎቹ ረጅም ዘመን ይኖራሉ ነው የሚለው።»

«ይበቃል» አለ።

ነካሪዋ በመንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣችው የይቅርታ ንግግር ነበራት። ከንግግሩ አንድ ቃል እንኳ አልመጣላትም። «ያን ቀን ገዳይ ብዬሃለሁ» አለችው።

«ብለሽኛል።»

«እትዬ ሁሉንም ነገረችኝ። ለምን አልተናገርክም? አንድ ቃል ብትል ኖሮ…»

ትንሹ እጁን ከፊቱ አነሳ። ጉንጩ ላይ የቅባት ጥቁር ቀርቶበታል። ቁጣ አልነበረበትም።

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አላት።

ነካሪዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ የተገለበጠ ሣጥን ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ ቅባታሙን እጁንም ያዘች።

«እሺ፣ ዛሬ ልጠይቅህ» አለችው። «ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ትንሹ ከክሊኒኩ በር ጀመረላት።